የሜሪ ስቶፕስ ሕይወትና የእናቶች ክሊኒክ፦ ያልታቀደ እርግዝናን በመከላከል ውርጃን የመቀነስ ጥረት አመጣጥ

መግቢያ

ሜሪ ስቶፕስ የሚለው ስም በኢትዮጵያ ከተሞች ለሚኖር ሰው እንግዳ አይደለም። ይሁን እንጂ ስሙ ሲጠራ በብዙዎች አእምሮ የሚመጣው የክሊኒክ ሰሌዳ ነው፤ በዚያ ስም ስለተጠሩት ሴት የሚታወቀው ጥቂት ነው። ባለስሟ ምን እንደሠሩ፣ በምን እንደተሳሳቱ፣ በተለይም ስለ ውርጃ የነበራቸው አቋም ምን እንደነበረ እምብዛም አይነገርም። ይህ ጽሑፍ የዶክተር ሜሪ ስቶፕስን የሕይወት ታሪክ በአጭሩ ያቀርባል። ከዚያም ከሥራቸው መካከል ዘመናቸውን አልፎ የቆየው የትኛው እንደሆነ ይለያል። በመጨረሻም ይህ ሥራ በሀዲያ ዞን እንደምትገኘው እንደ ጃጁራ ላለች አነስተኛ ከተማና በዙሪያዋ ላሉ ቀበሌዎች ያለውን ትርጉም ይመረምራል። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ትውልድና ትምህርት

ሜሪ ስቶፕስ በጥቅምት ወር 1880 በስኮትላንድ ኤዲንብራ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው ሄንሪ ስቶፕስ በቢራ ጠመቃ ምሕንድስና የተሰማሩ፣ በትርፍ ጊዜያቸውም የጥንት የድንጋይ መሣሪያዎችን የሚሰበስቡ ሰው ነበሩ። እናታቸው ሻርሎት ካርማይክል ስቶፕስ ደግሞ የሼክስፒርን ሥራዎች ያጠኑ ምሁርና ለሴቶች የመምረጥ መብት የተከራከሩ ሴት ነበሩ። ሴት ልጅ ዩኒቨርሲቲ መግባቷ ገና አከራካሪ በነበረበት ዘመን ከእንዲህ ያለ ቤተሰብ መወለዳቸው የትምህርት መንገዳቸውን አቅንቶላቸዋል።

በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የዕጽዋትና የሥነ ምድር ትምህርት ተከታትለው በ1902 የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን አገኙ። ወደ ጀርመን ተሻግረውም በ1904 ከሙኒክ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ዲግሪ ተቀበሉ። በዚያው ዓመት በማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ የሳይንስ መምህር ሆነው ሲቀጠሩ በተቋሙ የመጀመሪያዋ ሴት የሳይንስ መምህር ነበሩ። የጥናት መስካቸው በድንጋይ ውስጥ የቀሩ የጥንት ዕጽዋት ቅሪቶች ነበር። ለዚሁ ጥናት በ1907 ወደ ጃፓን ተጉዘው አንድ ዓመት ተኩል ያህል ቆይተዋል፤ በሆካይዶ ደሴት የከሰል ማዕድን ማውጫዎች ውስጥም ናሙና ሰብስበዋል። በ1919 የድንጋይ ከሰልን በአራት ዐይነት ንብርብሮች ከፍለው ያወጡላቸው ስያሜዎች በሙያው እስከ ዛሬ ይሠራባቸዋል። ስለዚህ ስቶፕስ ስለ ጋብቻና ስለ ወሊድ መጻፍ ሲጀምሩ ሐኪም ባይሆኑም በሳይንሱ ዓለም የታወቁ ተመራማሪ ነበሩ።

ከጋብቻ መፍረስ ወደ መጽሐፍ

በ1911 ሬጂናልድ ራግልስ ጌትስ የተባሉ ካናዳዊ የዕጽዋት ተመራማሪ አገቡ። ጋብቻው ግን አልሰመረም። ስቶፕስ ግንኙነታቸው በባልና ሚስት ወግ ያልተፈጸመ መሆኑን ለፍርድ ቤት አመልክተው በ1916 ጋብቻው እንዲፈርስ ተወሰነላቸው። የተማረች ሴት እንኳ ስለ ገዛ አካሏና ስለ ጋብቻዋ በቂ ዕውቀት ሳይኖራት ወደ ትዳር እንደምትገባ የተረዱት በራሳቸው ላይ ከደረሰው ነው። ይህንን ክፍተት ለመሙላት ስለ ባልና ሚስት ፍቅር የሚያትት መጽሐፍ አዘጋጁ።

መጽሐፉን ለማሳተም የደፈረ ድርጅት በቀላሉ አልተገኘም። ወጪውን የሸፈኑት በኋላ ባለቤታቸው የሆኑት ሀምፍሪ ቨርደን ሮ ናቸው። ሮ ከወንድማቸው ጋር የአውሮፕላን ፋብሪካ ያቋቋሙ ባለሀብት ነበሩ። ከዚያ ቀደም ብለውም በማንቸስተር አንድ ሆስፒታል ውስጥ የወሊድ መቆጣጠሪያ ክሊኒክ እንዲከፈት ገንዘብ ለመስጠት ጠይቀው ተቀባይነት አላገኙም ነበር። መጽሐፉ በ1918 ሲወጣ በሁለት ሳምንት ውስጥ ሁለት ሺህ ቅጂ ተሸጠ። ስለ ወሊድ መቆጣጠሪያ የያዘው ሐሳብ ጥቂት ስለነበር አንባቢዎች ዝርዝሩን በደብዳቤ መጠየቅ ጀመሩ። ስቶፕስም በዚያው ዓመት ስለ ወሊድ ማራራቅ ብቻ የሚያስረዳ ሁለተኛ መጽሐፍ አሳተሙ።

በመቀጠል ለሠራተኛ እናቶች የተዘጋጀች አነስተኛ በራሪ ጽሑፍ አወጡ። ይሁንና ጽሑፍ መግዛትም ሆነ ማንበብ፣ ከዚያም የተነበበውን በገበያ ፈልጎ ማግኘት በአመዛኙ አቅም ላላቸው ሰዎች የተመቸ ነበር። በጠባብ ክፍል አምስትና ስድስት ልጅ የምታሳድግ የሠራተኛ ሚስት ከመጽሐፉ ገበያ ውጭ ቀረች። ሌላ መንገድ መፈለግ ግድ ሆነ።

የእናቶች ክሊኒክ

በመጋቢት ወር 1921 ስቶፕስና ባለቤታቸው በሰሜን ለንደን ሆሎዌይ በተባለው የሠራተኞች ሰፈር የእናቶች ክሊኒክ ከፈቱ። በብሪታንያ የመጀመሪያው የወሊድ መቆጣጠሪያ ክሊኒክ ይህ ነበር። በእርግጥ ሐሳቡ በዓለም የመጀመሪያ አልነበረም። በኔዘርላንድስ ዶክተር አሌታ ጃኮብስ ከ1880ዎቹ ጀምሮ በአምስተርዳም ተመሳሳይ አገልግሎት ሰጥተዋል። በአሜሪካም ነርስ ማርጋሬት ሳንገር በ1916 በብሩክሊን የከፈቱት ክሊኒክ በጥቂት ቀናት ውስጥ በፖሊስ ተዘግቷል። ሳንገርና ስቶፕስ በ1915 በለንደን ተገናኝተው ነበር፤ ኋላ ግን ተፎካካሪዎች ሆኑ።

የሆሎዌይ ክሊኒክ ልዩነት በአሠራሩ ላይ ነበር። በመጀመሪያ፣ ቦታው የተመረጠው እናቶቹ በሚኖሩበት ሰፈር ነው። ቤቱም የሆስፒታል ግርማ እንዳያስፈራ ተራ የመኖሪያ ቤት እንዲመስል ተደርጎ ተሰናዳ። በሁለተኛ ደረጃ፣ ምክሩ ያለ ክፍያ ይሰጥ ነበር። በሦስተኛ ደረጃ፣ እናቶችን የሚቀበሉትና የሚመረምሩት የሠለጠኑ አዋላጆች ነበሩ፤ ሴት ሐኪም የምትጠራው ችግር ያለበት ጉዳይ ሲያጋጥም ነው። በዘመኑ የነበረ የሕክምና ልማድ ሁሉንም ነገር ለሐኪም ይተው ስለነበር ይህ አሠራር ከባድ ነቀፋ አስከትሏል። በዋናነት ይሰጥ የነበረው መከላከያም የማህጸንን አፍ የሚከድን የጎማ ቆብ ሲሆን እናቲቱ ራሷ እንድትጠቀምበት ትማር ነበር።

አገልግሎቱ ለባለትዳር ሴቶች ብቻ የተፈቀደ መሆኑ ከዘመኑ ባህል ጋር ለመስማማት የተከፈለ ዋጋ ነበር። በ1925 ክሊኒኩ ወደ መካከለኛው ለንደን ዊትፊልድ ጎዳና ተዛወረ። በዚያው ዓመት ስቶፕስ የመጀመሪያዎቹን አምስት ሺህ ተገልጋዮች መዝገብ መሠረት ያደረገ ዘገባ አሳተሙ። የማን እናት ስንት ጊዜ አረገዘች፣ ስንቱ በሕይወት ተወለደ፣ ስንቱ ጨነገፈ የሚለውን መዝግቦ መያዝ በራሱ ለሙያው አዲስ ነገር ነበር። በ1920ዎቹ መጨረሻ ደግሞ በፈረስ የሚጎተቱ ተንቀሳቃሽ ክሊኒኮች ወደ ሌሎች ከተሞች ተላኩ። ከእነዚህም አንዱ በብራድፎርድ በተቃዋሚ እጅ ተቃጥሏል። በሊድስ፣ በአበርዲን፣ በቤልፋስትና በካርዲፍም ቅርንጫፎች ተከፈቱ።

ደብዳቤዎቹና የውርጃ ጥያቄ

ስቶፕስ በሕይወታቸው ዘመን በሺዎች የሚቆጠሩ ደብዳቤዎች ደርሰዋቸዋል። ከሠራተኛ እናቶች የተላኩት ብዙዎቹ የሚናገሩት ተመሳሳይ ነገር ነበር፦ ተደጋጋሚ እርግዝና፣ የተዳከመ ሰውነት፣ የማይበቃ ደመወዝ፣ ሐኪም ዳግም እንዳታረግዢ ብሎ አስጠንቅቆ እንዴት እንደሆነ ግን ሳይነግራት የሸኛት ሴት። ከደብዳቤዎቹ የተወሰኑትን ሰብስበው በ1929 በመጽሐፍ አሳትመዋል። በደብዳቤዎቹ መካከል የተጀመረን እርግዝና ለማቋረጥ እርዳታ የሚጠይቁ፣ ወይም በልማድ መድኃኒት ለማቋረጥ እንደሞከሩ የሚገልጹ ይገኙ ነበር።

በዘመኑ የነበረው የእንግሊዝ ሕግ ከ1861 ጀምሮ ውርጃን በዕድሜ ልክ እስራት ሊያስቀጣ የሚችል ወንጀል አድርጎ ደንግጎ ነበር። ስቶፕስም በአደባባይ ውርጃን ይቃወሙ ነበር፤ ክሊኒካቸውም ውርጃ አይፈጽምም። ክርክራቸው የቆመው በሌላ መሠረት ላይ ነበር። ሴቲቱን ወደ አደገኛው መንገድ የሚገፋት ያላሰበችው እርግዝና ነው፤ እርግዝናውን አስቀድማ መከላከል ከቻለች ወደዚያ የምትሄድበት ምክንያት ይቀንሳል። ተቃዋሚዎቻቸው መከላከያንና ውርጃን አንድ አድርገው ሲያወግዙ እርሳቸው ሁለቱን ለይተው አንደኛው የሌላኛው መቀነሻ መሆኑን ያስረዱ ነበር።

ይሁንና ክሊኒኮቹ ጥቂት ስለነበሩ ውጤታቸውም በዚያው ልክ የተወሰነ ሆነ። የብሪታንያ መንግሥት በ1937 ያቋቋመው የቢርኬት ኮሚቴ በ1939 ባቀረበው ሪፖርት በእንግሊዝና በዌልስ በየዓመቱ ከ110,000 እስከ 150,000 የሚደርስ ጽንስ እንደሚቋረጥ ገመተ፤ ከዚህም 40 በመቶ ያህሉ በሕገ ወጥ መንገድ የሚፈጸም ነው አለ። የሆሎዌይ ክሊኒክ ከተከፈተ አሥራ ስምንት ዓመት ሆኖት ነበር። ሐሳቡ ትክክል ቢሆንም በጥቂት በጎ ፈቃደኞች ክሊኒክ ብቻ አገር እንደማይዳረስ ይህ አኃዝ ያሳያል።

ክሱና የመንግሥት አቋም መለወጥ

በ1922 ሃሊዴይ ሰዘርላንድ የተባሉ የካቶሊክ እምነት ተከታይ ሐኪም ክሊኒኩ በድሆች ላይ ሙከራ ያካሂዳል የሚል ይዘት ያለው መጽሐፍ ጻፉ። ስቶፕስ በስም ማጥፋት ከሰሷቸው። በ1923 የመጀመሪያው ፍርድ ለሐኪሙ ሆነ፤ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ለስቶፕስ ፈረደ፤ በ1924 ደግሞ የጌቶች ምክር ቤት የይግባኙን ውሳኔ ሽሮ ለሐኪሙ አጸና። ስቶፕስ በፍርድ ቢረቱም ክርክሩ በየጋዜጣው መውጣቱ የክሊኒኩን ስም እስከ ዳር አገር አደረሰው።

ከዚያ በኋላ ለውጡ ቀስ በቀስ መጣ። በ1930 የጤና ሚኒስቴር የአካባቢ አስተዳደሮች የእናቶች ጤና ጣቢያዎች እርግዝና ጤናቸውን ለሚጎዳ ባለትዳር ሴቶች የመከላከያ ምክር እንዲሰጡ ፈቀደ። በዚያው ዓመት የተለያዩ ማኅበራት በአንድ ብሔራዊ ምክር ቤት ተሰባሰቡ፤ ይህም ምክር ቤት በ1939 የቤተሰብ ምጣኔ ማኅበር ተባለ። ስቶፕስ ግን ከሌሎች ጋር ተባብሮ መሥራት ስለከበዳቸው ብዙም ሳይቆዩ ከምክር ቤቱ ወጡ።

የማይታለፈው ስሕተት

የስቶፕስ ታሪክ ያለ እንከን ሊነገር አይችልም። ስቶፕስ በዘመናቸው ብዙ ምሁራንን ያሳሳተው የዩጀኒክስ አስተሳሰብ ተከታይ ነበሩ። ይህ አስተሳሰብ የሰውን ልጅ ለመውለድ የሚገባውና የማይገባው ብሎ ይከፍላል። በ1920 ባሳተሙት መጽሐፍ ለመውለድ ብቁ አይደሉም ያሏቸው ሰዎች በግዳጅ እንዲመክኑ የሚፈቅድ ሕግ እንዲወጣ ጠይቀዋል። በ1921 ያቋቋሙት ማኅበር ስያሜም የዘር መሻሻልን ያካተተ ነበር። አስተሳሰቡ በገዛ ቤታቸውም ገባ። አንድያ ልጃቸው ሃሪ መነጽር የምታደርግ ሴት ሊያገባ በተነሣ ጊዜ የዓይን ድክመቱ ወደ ልጆች ይተላለፋል ብለው ተቃወሙ፤ በዚህም ምክንያት ከልጃቸው ጋር ተቃቃሩ።

በዚህ ላይ አንድ ተቃርኖ ጎልቶ ይታያል። በክሊኒኩ ወንበር ላይ የተቀመጠችው እናት መውለድና አለመውለዷን ራሷ እንድትወስን ትረዳ ነበር። በመጽሐፉ ውስጥ ግን ውሳኔው ከሰዎች እጅ ወጥቶ ለሕግ ይሰጣል። የቤተሰብ ምጣኔ በፈቃደኝነት ላይ ካልቆመ ወዴት ሊያመራ እንደሚችል ስቶፕስ በራሳቸው ሕይወት ሳያስቡት አስተምረዋል።

ከሞት በኋላ፤ ስሙ ወደ ኢትዮጵያ

ዶክተር ሜሪ ስቶፕስ በጥቅምት ወር 1958 በሰባ ሰባት ዓመታቸው በእንግሊዝ ሰሪ አውራጃ በካንሰር ሕመም ሞቱ። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ፣ በ1967፣ የብሪታንያ ፓርላማ ሁለት ሕጎችን አወጣ፤ አንዱ የአካባቢ አስተዳደሮች የቤተሰብ ምጣኔ አገልግሎትን በስፋት እንዲሰጡ የሚፈቅድ፣ ሌላው ውርጃን በተወሰኑ ሁኔታዎች ሕጋዊ የሚያደርግ ነበር። ከ1974 ጀምሮ መከላከያ ለሁሉም በነጻ ተሰጠ።

የዊትፊልድ ጎዳና ክሊኒክ በ1976 ቲም ብላክ በተባሉ ሐኪምና በባልደረቦቻቸው እጅ ገብቶ ሜሪ ስቶፕስ ኢንተርናሽናል የተባለው ድርጅት መነሻ ሆነ። ድርጅቱ ሥራውን ከጊዜ በኋላ ወደ ሌሎች አገሮች አስፋፍቶ በ1990 ኢትዮጵያ ገባ። ከመከላከያ በተጨማሪ ሕግ በሚፈቅድበት ቦታ ጽንስ የማቋረጥ አገልግሎትም ይሰጣል። በዚህም ባለስሟ ከያዙት አቋም የተለየ መንገድ ሄዷል። በ2020 ድርጅቱ ከስቶፕስ የዩጀኒክስ አቋም ራሱን ለማራቅ ሙሉ ስማቸውን ከመጠሪያው አንሥቶ ኤምኤስአይ በሚለው ምሕፃር ብቻ መጠራት ጀመረ።

በኢትዮጵያ የቤተሰብ ምጣኔ የተደራጀ እንቅስቃሴ ከዚህ ድርጅት መምጣት ይቀድማል። የኢትዮጵያ የቤተሰብ መምሪያ ማኅበር በ1966 ተቋቋመ። በ1993 ብሔራዊ የሥነ ሕዝብ ፖሊሲ ወጣ። በ2003 የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ተጀምሮ በየቀበሌው ጤና ኬላ ሁለት ሴት ባለሙያዎች እንዲመደቡ ተደረገ። ከ2009 ጀምሮም እነዚህ ባለሙያዎች በክንድ ቆዳ ሥር የሚቀበረውን መከላከያ እንዲሰጡ ሠለጠኑ። በ2005 ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ደግሞ ጽንስ ማቋረጥ የማያስቀጣባቸውን ሁኔታዎች አሰፋ፤ ከእነዚህም አስገድዶ መድፈር፣ በቅርብ ዘመዳሞች መካከል የተፈጸመ ግንኙነትና በእናቲቱ ጤና ላይ የሚደርስ አደጋ ይገኙበታል።

በብሔራዊ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶች መሠረት ዘመናዊ መከላከያ የሚጠቀሙ ባለትዳር ሴቶች በ2000 ከመቶ 6 ብቻ ነበሩ። በ2016 ወደ 35፣ በ2019 ወደ 41 ከፍ ብለዋል። ይሁን እንጂ አንድ ጥንቃቄ የሚሻ ነገር አለ። በ2008 በወሊድ ዕድሜ ካሉ 1,000 ሴቶች መካከል በዓመት 22 ያህል ውርጃ እንደሚፈጸም የተገመተ ሲሆን በ2014 ግምቱ ወደ 28 ከፍ ብሏል። በጤና ተቋም ውስጥ በሕጋዊ መንገድ የሚፈጸመው ድርሻ ግን ከ27 በመቶ ወደ 53 በመቶ አድጓል። መከላከያ እየተስፋፋ ውርጃ ወዲያው አለመቀነሱ ሐሳቡ ስሕተት መሆኑን አያሳይም። ልጅ አራርቆና ወስኖ የመውለድ ፍላጎት አገልግሎቱ ከሚዳረስበት ፍጥነት ቀድሞ ሲያድግ በመካከል የሚፈጠረው ክፍተት ያልታቀደ እርግዝናን ያበዛል። በ2016 ከመቶ ባለትዳር ሴቶች 22ቱ ማርገዝ ሳይፈልጉ ወይም ማዘግየት እየፈለጉ መከላከያ አይጠቀሙም ነበር።

ከጃጁራ አንጻር

ይህ ክፍተት ጃጁራን ለመሰለ አካባቢ የሩቅ ወሬ አይደለም። የሀዲያና የከምባታ ምድር በእንሰት እርሻ ብዙ ሕዝብ የሚኖርበት፣ የቤተሰብ መሬት ከትውልድ ወደ ትውልድ እየተከፋፈለ የሚያንስበት አገር ነው። ከሆሳዕናና ከዙሪያዋ ብዙ ወንዶች ለሥራ ወደ ደቡብ አፍሪካ ስለሚሄዱ የትዳር ሕይወት በመለያየትና በመገናኘት መካከል ያልፋል። ባል በሌለበት ጊዜ መከላከያ ያቋረጠች ሚስት እርሱ በድንገት ሲመለስ ያላሰበችው እርግዝና ሊገጥማት ይችላል። ያላገባችው ወጣት ደግሞ ጤና ኬላ ገብታ መከላከያ ስትጠይቅ የሚያያት ጎረቤት ሊኖር ይችላልና ታፍራለች። የሆሎዌይ ክሊኒክ በ1921 በሩን የዘጋባት ያላገባች ሴት ዛሬ በሕግ በሩ ተከፍቶላታል፤ ቢሆንም የሰው ዓይን ይከለክላታል።

ከጤና ኬላ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያም ሆሳዕና ወደሚገኘው የንግሥት እሌኒ መሐመድ መታሰቢያ ሆስፒታል የሚወስደው መንገድ ረጅም ነው። ሆስፒታሉ የተሰየመው ከሀዲያ ገዥ ቤተሰብ ተወልደው በኢትዮጵያ ቤተ መንግሥት ትልቅ ሥልጣን በያዙት ንግሥት ነው። በስውር የተሞከረ ውርጃ ደም አፍስሶ ወይም ማመርቀዝ አስከትሎ እናቲቱ ወደዚያ በምትወሰድበት ጊዜ ብዙ ሰዓት ሊያልፍ ይችላል። ያን መንገድ የሚያስቀረው በመንገዱ መጀመሪያ ላይ ያለው ጤና ኬላ ነው። በዚያ የሦስት ወሩ መርፌ፣ እንክብሉና በክንድ የሚቀበረው መከላከያ ሳይቋረጡ መገኘት አለባቸው። የምትቀበላት ባለሙያም ምስጢር ጠባቂ መሆን አለባት። አንዱ ዐይነት ያልተስማማት ሴትም ሌላውን የመምረጥ ዕድል ሊኖራት ይገባል።

ማጠቃለያ

ሜሪ ስቶፕስ በመጽሐፋቸው ዝነኛ ሆኑ፤ በክስ ተረቱ፤ በዘር አስተሳሰባቸው ስማቸውን አጎደፉ። ከሁሉም የቆየው በአንድ ተራ ቤት ውስጥ የዘረጉት አሠራር ነው፦ ለእናቶች መኖሪያ የቀረበ፣ ክፍያ የማይጠይቅ፣ በአዋላጅ የሚመራ፣ መዝገብ የሚይዝና ራቅ ወዳለው ስፍራ በተንቀሳቃሽ ክሊኒክ የሚደርስ አገልግሎት። የኢትዮጵያ የጤና ኤክስቴንሽን አደረጃጀት ከዚህ የተቀዳ ባይሆንም ሁለቱን አንድ የሚያደርጋቸው መሠረት አለ፤ ይኸውም ሴቲቱ አገልግሎቱን ፍለጋ እንድትንከራተት ከማድረግ ይልቅ አገልግሎቱ ወደ እርሷ እንዲሄድ ማድረግ ነው።

ውርጃን መቀነስ የሚሻ ማንኛውም ጥረት፣ ውርጃን የሚቃወምም ሆነ በሕግ መፈቀዱን የሚደግፍ፣ በዚህ ነጥብ ላይ ይገናኛል። በጃጁራ ዙሪያ ባለ ቀበሌ የምትኖር አንዲት እናት ለመጪው ሦስት ወር የሚበቃትን መከላከያ በፈቃዷ መርጣ፣ በእግሯ ደርሳ በምትመለስበት ርቀት ካገኘች ያልታሰበው እርግዝና በአብዛኛው ይቀራል፤ በስውር የሚደረገውም ውርጃ በዚያው ልክ ይቀንሳል። በሆሎዌይ የተጀመረው ሥራ ሙሉ የሚሆነውም ያ ርቀት ለእያንዳንዷ ሴት ሲያጥር ነው።